ስልኩን አስመልሺ ስላልሽኝ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኖላዊት፣
በርገን

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እዚያ ብርዱ ቀለል ብሎ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ዳገቱን ችዬዋለሁ። ማንጎው ዘንድሮ ጥሩ ይዞ ነበር፤ የጎረቤት ልጆች ሳይበስል ጨረሱት።

ደብዳቤውን ይዞልኝ የሚሄደው ፓስተር ዘመድኩን ነው። ለስብሰባ ኦስሎ ሲደርስ ከዚያ በፖስታ ይልክልሻል። በእጄ መጻፌ እንዳይገርምሽ። ነገሩ ረጅም ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ካላስረዳሁሽ አይገባሽም። ስልክ ላይ ልጻፍ ብል ደግሞ ጣቴ አንዱን ፊደል ሲፈልግ ሌላውን ይነካል። የፊደል ግድፈት ያለበት ጽሑፍ ለልጄ መላክ አልወድም።

ስልኩን ለመንገደኛ ሰጠሽ ብለሽ አዝነሻል። የሰጠኋት ልጅ መንገደኛ አይደለችም። ስሟ ምሥጋና ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዓይነ ስውር ናት። እንዴት እንደተገናኘን ልንገርሽ።

ስልኩን ከላክሽልኝ ጊዜ ጀምሮ እንዳስተማርሽኝ በየጠዋቱ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፌ አቆመዋለሁ። ፊቴ በሙሉ እንዲታይሽ ወንበሬ የት መሆን እንዳለበት ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌበታለሁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንነጋገር ነበር። ከዚያ ፈረቃሽ ተቀየረ። እኔ የማልደውለው መቼ እንደምትተኚ ስለማላውቅ ነው። ሌሊት ስትሠራ ያደረች ልጅ መቀስቀስ አይገባም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ስልኩ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምክንያት አልታየኝም። በሚኒባስ ሲቀላ ወረድኩና ሳላዲን ሱቅ ወሰድኩት። ሳላዲን የነጋዴው የጀይሉ ልጅ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። የምድር ወገብን መስመር ሁልጊዜ አጣምሞ ነበር የሚስለው። አሁን ስልክ ይጠግናል፤ እጁም ተቃንቷል።

«ቲቸር፣ ምን ሆነ?» አለኝ።

«አይጠራም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

ገለባበጠው። ሲሙን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው። ከራሱ ስልክ ደወለልኝ፤ ጠራ። በዋትሳፕም ደወለልኝ፤ ያም ጠራ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞር ብለው አዩን።

«ጤነኛ ነው ቲቸር። ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል።»

«ከውጭ አገር ሲደወልስ?»

ሳላዲን ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «ከውጭም ይሠራል» አለኝ። ከዚያ ባዶ እጄን እንዳልመለስ ብሎ ነው መሰለኝ፣ «ለማንኛውም ማሻሻያ እጭንልዎታለሁ፤ ይቀመጡ» አለኝ።

አግዳሚው ላይ አንዲት ልጅ ነጭ ዘንጓን ጉልበቷ መካከል አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ስልኳ ከባጃጅ ወድቆባት ተሰብሯል።

«እህቴ፣ ይሄ ሞቷል አልኩሽ እኮ» አላት ሳላዲን።

«እንደገና እይልኝ።»

«ሦስቴ አየሁት።»

«አንተ ታያለህ አይደል? ማየት ምን ይከብድሃል?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀና ስልኩን እንደገና ከፈተው። እኔ ግን ስልክ ምን እንደሚያደርግላት አልገባኝም። ጠየቅኋት። በጥያቄዬ ቅር አላለችም። «ያነብልኛል» አለችኝ። «መጽሐፉን። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውንም ጓደኛዬ ፎቶ ካነሳችው ያነባል።»

ሳላዲን ሊያሳየኝ ብሎ በእኔ ስልክ ላይ አንባቢውን ድምፅ ከፈተው። ጣቱ የነካውን ሁሉ ስልኩ ይናገራል። ድምፁ ፊደል ቆጥሮ በጨረሰ ማግስት የሚያነብ ልጅ ይመስላል፤ ግን ይሰማል። ጣቱ ሲሄድ የጥሪዎቹን ዝርዝር ነካ። «ኖላዊት። ገቢ ጥሪ። ጥር አራት» አለ ስልኩ፣ ሱቁ በሙሉ እየሰማ። ሳላዲን ቶሎ ብሎ ድምፁን ቀነሰውና ስለ ባትሪው ያስረዳኝ ጀመር። ጨዋ ልጅ ነው።

ምሥጋና ልያዘው ብላ ተቀበለችኝ። ድምፁን በጣም አፈጠነችው፤ እኔ አንድ ቃል አልያዝኩም።

«ምን እያለ ነው?»

«የእርስዎን ስልክ ማስተካከያ እያነበበ ነው።»

«ቀስ ብሎ አይሻልም?»

«ቲቸር፣ ቀስ ብዬ ባነብ እስከ ሰኔ አልጨርስም።» ከዚያ ምን እንዳስተማርኩ ጠየቀችኝ። ጂኦግራፊ ስላት ወደ እኔ ዞረች። «ጽሑፉን ሁሉ ያነብልኛል። ካርታ ላይ ሲደርስ ግን 'ምስል' ይልና ያልፋል። የምን ምስል? አይናገርም። ጂኦግራፊ ደግሞ ግማሹ ምስል ነው።»

ልጄ፣ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል የጂኦግራፊ መምህር ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ምስሉ ያለበትን ገጽ አወጣለሁ፤ ከሰሜን ጀምሬ ወደ ደቡብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ስልኩ ይቀርጻል። ስምጥ ሸለቆን ለማስተማር ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ለምሥጋናና እንደሷ ዓይነ ስውር ለሆኑት ሁለት ጓደኞቿ እንዲህ አልኳቸው፦ «ቀኝ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ። በመካከለኛው ጣትና በቀለበት ጣት መካከል ያለው ክፍተት ሸለቆው ነው። ጣቶቹ የሚጋጠሙበት ሥር ላይ አባያና ጫሞ አሉ። እኛ እዚያ ነን።» ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ሳስተምር ይህን አስቤው አላውቅም።

ማክሰኞና ሐሙስ ስልኩን ይዤ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ጥበቃው በር ላይ «ቲቸር፣ የእርስዎ ከሆነ ይግቡ፤ የተማሪ ስልክ ከሆነ ግን ክልክል ነው፣ እይዘዋለሁ» አለኝ። «እዚህ የእኔ ነው፤ ክፍል ስገባ የተማሪ ይሆናል» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ። ዓይነ ስውራኑን የሚረዳቸው መምህር አቶ ፈቃደ ይባላል። የስልኩ ድምፅ ለክፍሉ ስላነሰ፣ ከመምህራን ክበብ አንድ የሸክላ ድስት አምጥቶ ስልኩን ውስጡ አቆመው። ድስቱ ድምፁን አጎላው። ምሥጋና፣ ገነነና አጵሎስ ድስቱን ከበው ይቀመጣሉ። ሦስቱም ከጨንቻ በላይ ካሉ ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ከሳምንታት በኋላ የሚያዩትም ተማሪዎች እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ማዳመጥ ጀመሩ። አንዱ «ቲቸር፣ እኔ ካርታውን እያየሁት ኖሬ ዛሬ ነው የገባኝ» አለኝ።

አቶ ፈቃደ ጥበቃውን ስላስፈቀደላት ከፋሲካ በኋላ ስልኩን ምሥጋና ዘንድ ተውኩት። ማታ ማታ ሦስቱም የሚያጠኑበት እሱ ብቻ ነው። አዲስ የሚቀረጽ ምዕራፍ ሲኖር ታመጣልኛለች፤ ቀርጬ እሰጣታለሁ። ለአንቺ መንገር ነበረብኝ። ስትደውዪ እነግርሻለሁ እያልኩ ቆየሁ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት እንደሠራሁ አወቅሁ። እኛ በትምህርት ሬዲዮ ስናስተምር መሣሪያው ቀይ መብራት ነበረው። መብራቱ ከጠፋ መሣሪያው ጠፍቷል ማለት ነው። ስልኩም አንብቤ ስጨርስ ትንሽ ቆይቶ ይጨልማል፤ ተዘጋ ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ለካስ ጨልሞም ይቀርጻል።

ምሥጋና ናት የነገረችኝ። እዚሁ ቤት፣ ቆጮ ይዛልኝ መጥታ። እናቷ ከጨንቻ የላኩላት ነው።

«ቲቸር፣ የሕዝብ አሰፋፈር ትምህርቱ ረጅም ነበር።»

«ምዕራፉ አጭር ነው እኮ።»

«ምዕራፉ አለቀ። ከዚያ ቤትዎ ቀጠለ።»

ደነገጥኩ። ምን እንደሰሙ ጠየቅኋት።

«ዶሮ ሲያባርሩ ሰማን። ገነነ በድምፅ ለይቶ አምስት ናቸው አለ።»

«አራት ናቸው።» በኋላ ወጥቼ አየሁ፤ አምስተኛዋ የጎረቤቴ የአበቡ ዶሮ ናት፤ ለካስ በየቀኑ የእኔን እህል ስትበላ ኖራለች። «ሌላስ?»

«መዝሙር ሲያንጎራጉሩ። ሁለተኛው ስንኝ ይጠፋዎትና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።»

«ሌላስ?»

ዘንጓን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችው። «ከሰው ጋር ሲነጋገሩ። 'ምሳ በልተሻል?' ሲሉ። 'ከላይ ደርቢበት፣ ብርድ ነው' ሲሉ። የዚያኛዋ ድምፅ አይሰማም።»

«ስልክ እያወራሁ ነበር» አልኳት።

ስልኩ በዚያ ሰዓት እየቀረጸ እንደነበር እሷ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች። «እሺ ቲቸር» አለችኝ።

ይህን የምጽፍልሽ እንድትጨነቂ አይደለም። ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ያወራል። አባትሽም አትክልት ሲያጠጣ ያወራ ነበር።

«ያን ክፍል አጥፊው» አልኳት። «ለፈተና አይጠቅማችሁም።»

«ለፈተና አይደለም የምንሰማው።»

ከዚያ አስረዳችኝ። ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተከራዩት፤ እሷ ከአክስቷ ልጅ ጋር፣ ወንዶቹ ከጎን ባለው ክፍል። የእናቷ ቤት ቀኑን ሙሉ ድምፅ አለው፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ዕቃ ይንኳኳል። ተከራይተው የሚኖሩበት ክፍል ግን ጥናት ሲያልቅ ጭር ይላል። ስለዚህ ደጅ ተቀምጠው የእኔን ቤት ያዳምጣሉ። «ሰው ያለበት ቤት ይመስላል» አለችኝ። «አጵሎስ እንዲያውም ቁርጥ የእናቴ ቤት አለ። እናቱ አማርኛ የሚባል አያውቁም።» ከዚያም፣ «ቲቸር፣ ሲጨርሱ እንዳይዘጉት» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልዘጋውም። እንደሚሰሙኝ ስለማውቅ አንዳንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። «ገነነ፣ ልብስህን አጠብክ?» እላለሁ። እሱም የዚያኑ ዕለት ማታ «አዎ ቲቸር» ብሎ ለስልኩ ይመልሳል አሉኝ። አላጠበውም ይላሉ ደግሞ።

አሁን ወደ ባለፈው ሰኞ ልምጣ። አንቺ ስትደውዪ ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ስልኩ ድስቱ ውስጥ ነበር። ምሥጋና አነሳችው። «እማዬ» ስትዪ ሰምታለች። የሰው ስልክ ይዤ የሰው እናት ልሁን እንዴ ብላ ተደናግጣ፣ «እናትዎ ቤት ናቸው፣ እኔ ምሥጋና ነኝ» ብቻ አለች። ዘጋሽው። ወዲያው መልእክትሽ መጣ። አንባቢው ድምፅ ክፍት ስለነበር ስልኩ ለክፍሉ በሙሉ አነበበው፦ «እማዬ፣ ስልኩን የላክሁልሽ እንድንተያይ ነው። ለመንገደኛ እንድትሰጪው አይደለም። አስመልሺው።» ያ ድምፅ ቁጣ አያውቅም፤ እንደ ምዕራፍ ነው ያነበበው። ቢሆንም ማንም እንዳልሳቀ አቶ ፈቃደ ነግሮኛል።

ምሥጋና በዚያው ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ሴቻ ወጣች። ስልኩን ጠርጋ፣ ቻርጀሩን ጠቅልላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይዛው መጣች።

«ተመልሷል ቲቸር። ልጅዎ ተቆጥታለች።»

«ስልኩ የእኔ ነው። ማን ዘንድ እንደሚሆን እኔ ነኝ የምወስነው።»

«እሱማ ነው። ግን ልጅዎን የሚያዩት በዚህ ብቻ ነው።»

«ፈተናውስ?»

«ገነነ የሰማውን አስታውሶ ይነግረናል» አለችኝ። «የሚያስታውሰው ግን ዶሮዎቹን ነው።» ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ከተነሳች በኋላ በሩ ጋ ቆመች፣ ጠረጴዛው ወዳለበት ዞራ። ቁልቁለቱን በዘንጓ እየመታች ስትወርድ እስክትሰወር አየኋት። በዚህ ዓመት ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ካላለፈች አባቷ ወደ ላይ ይመልሷታል፤ ለዓይነ ስውር ልጅ ኪራይ ከዚህ በላይ አልከፍልም ብለዋታል። ይህን ራሷ አልነገረችኝም፤ የሰማሁት ከአቶ ፈቃደ ነው።

ስልኩን ቻርጅ አደረግሁ። «ስልኩ ተመልሷል። እናትሽ» ብዬ ጻፍኩልሽ። ሦስት ቃል ናት፤ ስህተት እንዳይኖርባት ደጋግሜ አይቻታለሁ። እንዳነበብሽው ምልክቱ ነገረኝ።

ወንበሬን ምልክቱ ላይ አደረግሁት። ጠመኔው ሊጠፋ ስለደረሰ አደመቅሁት። ማክሰኞ አበቡ መጥታ «ከጫሞ ዓሣ የጫነች መኪና ደርሳለች፣ ሳያልቅ እንሂድ» አለችኝ፤ አልችልም አልኳት። ረቡዕ እንደገና መጣች።

«ሰብለ፣ ታመሻል እንዴ?»

«ስልክ እየጠበቅሁ ነው።»

«ታዲያ ይዘሽው ውጪ። ስልክ እኮ የተሠራው ተይዞ እንዲወጣ ነው።»

«ፊቴ በደንብ መታየት አለበት። ደጅ ፀሐይ ከጀርባ ስትመጣ ፊት ይጨልማል።»

አየችኝና ዓሣ አምጥታልኝ ሄደች። ሐሙስ ገበያ አልወጣሁም። ዓርብ ደግሞ ዘነበ። ፈረቃሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ ሰው ሲቀር የሱንም ትሸፍኛለሽ ብለሽኝ ነበር፤ ያን ሳምንት እንደዚያ ሆኖብሽ ይሆናል።

በነዚያ ቀናት ምንም አልቀረጽኩም፤ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስሠራም ሳላወራ ዋልኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከዚህ በፊት ልብ ያላልኩት ነገር ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ድምፁ በጣም ጎልቶ ይሰማል።

ትናንት ቅዳሜ ስልኩን ይዤ ሲቀላ ወረድኩ። ሦስቱም የግቢያቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጵሎስ አንድ አንቀጽ በቃሉ ይላል፤ ገነነ ተሳስተሃል ይለዋል፤ የትኛው እንደተሳሳተ የሚነግራቸው የለም። ሁለቱም ተሳስተው ነበር። አረምኳቸው። ምሥጋና ድምፄን ስትሰማ ተነሳች።

«ልጅዎ ደወለች ቲቸር?»

«ሥራ ላይ ናት» አልኳት፤ ስልኩን እጇ ላይ አደረግሁት።

መልሳ ልትሰጠኝ ፈለገች። ክርክር አልወድም፤ መዳፏን በሁለት እጄ ዘጋሁት። ልጄ፣ ስልኩን አስመልሺ ስላልሽኝ መልሴ ይህ ነው፦ ስልኩ እስከ ፈተናው እነሱ ዘንድ ይቆያል። በአንቺ ላይ ተናድጄ አይደለም። አንቺም ብትሆኚ እዚህ ሆነሽ ብታዪያቸው ከዚህ የተለየ እንደማታደርጊ አውቃለሁ፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ሌላ ስልክ ደግሞ እንዳትልኪልኝ እለምንሻለሁ። ሁለት ስልክ ምን አደርጋለሁ?

ያቺ የምትንከባከቢያት፣ ደወል የምታበዛው ባልቴት እንዴት ናት? ስንሄድላት ምን እንደፈለገች ይጠፋባታል ብለሽ ያሳቅሽኝ። እናቴ ከኢትዮጵያ ሰላም ብላሻለች በያት። ስትጠራሽ ቶሎ ሂጂላት።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ትናንት ከምሥጋና ጋር ፕሮግራም አወጣን። ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ታመጣልኛለች፤ ከምሳ በኋላ እስከ ምሽት ድረስ እቀርጻለሁ። በዚያ ሰዓት ስልኩ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔም ከቤት አልወጣም። ይህን የምነግርሽ ስልኩን የገዛሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ የት እንደሚውል ማወቅ ስላለብሽ ነው። ምሥጋና እንደምትለው ቀረጻ ላይ እያለ ጥሪ ከመጣ ቀረጻው ይቋረጣል፤ ምዕራፉም ከመጀመሪያው እንደ አዲስ መነበብ አለበት። ሳስተምር መቋረጥ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ስንቱን ተማሪ በር ላይ አስቁሜያለሁ። አሁን ግን ደግሜ ማንበብ አይከብደኝም። ስንት ጊዜም ቢሆን።

የምሠራበት ጉልበት የሰጠኝ ጌታ በሰው አገር ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ መውጣት መግባትሽን በሰላም ያድርግልሽ፤ ሌሊት ስትሠሪ ድካምሽን እሱ ይሸከምልሽ። ከላይ መደረብ አትርሺ።

እናትሽ
ሰብለ